ያልደረሱት ጎረቤታሞች

ሲነጋ ዳቦ ቤቱ ከወይዘሮ አልጋነሽ ደጃፍ ተጠግቶ ተገኘ። የሰፈሩ ሰው አልገረመውም። ታጣፊ ጎዳና፣ ማለትም እግረኛ ሲቸገር በሐዲድ ላይ እየተሰበሰበ ቤትና ሱቅን የሚያቀራርብ መንገድ፣ ሥራው ይኸው ነው። ግራ የገባት የጎዳናው ተቆጣጣሪ ትርሲት ብቻ ነበረች።

ጎዳናው ወይዘሮ አልጋነሽና ጎረቤታቸው ወይዘሮ ስንቅነሽ «መድረስ አልቻሉም» እያለ ያስጠነቅቃል። በተሰበሰበ ቁጥር ደግሞ ይባሱን አይደርሱም። እስከ ማታ መላ ካልተገኘ «ለእግረኛ የማይመች» ተብሎ ይዘጋል፤ ዳቦውም መድኃኒቱም በቱቦ እየቤቱ ይገባል። ከዚያ በኋላ ከደጁ የሚወጣ ሰው አይኖርም።

ትርሲት ሐዲዱን መረመረች፤ ደህና ነው። እርምጃ የሚለዩትን የንጣፍ ድንጋዮች ፈተሸች፤ እነሱም ደህና ናቸው። ቢቸግራት ሴቶቹን ከኋላ ተከተለቻቸው።

ወይዘሮ ስንቅነሽ ዳቦ ይዘው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ሲሉ ወይዘሮ አልጋነሽ አብረው ተነሡ። ሁለቱም ከስንቅነሽ በር ደረሱ። ስንቅነሽ ግን አልገቡም።

«ብቻሽንማ አትመለሺም፤ ልሸኝሽ።»

«ኧረ በሞቴ ግቢ!»

«የምራትሽን ጉድ ሳትጨርሺልኝ?»

ተመለሱ። ከአልጋነሽ በር ሲደርሱ ደግሞ አልጋነሽ ሊሸኙ ዞሩ። ትርሲት አላስቻላትም።

«እትዬ፣ ቤቱ ጠፍቶባችሁ ነው?»

ሁለቱም በሳቅ ፍርስ አሉ። «አንቺ ልጅ፣» አሉ ስንቅነሽ፣ «ሰው ሸኝተሽ አታውቂም እንዴ?»

«ይልቅ መንገዳችንን መልሺልን፤» አሉ አልጋነሽ። «ወሬው ሳይሞቅ በር ላይ እየደረስን፣ ስንመላለስ እግራችን አለቀ።»

ትርሲት ጥግ ላይ ወዳለው መቆጣጠሪያ ሄደች።

«የሁለቱ መድረሻ የት ነው?» አላት ጎዳናው።

«ቤታቸው።»

«እሱ ጋ ደርሰው ዞረዋል።»

ቀና ስትል ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲያልፉ አየች።

«የወይዘሮ አልጋነሽ መድረሻ፣ ወይዘሮ ስንቅነሽ» አለች። «የወይዘሮ ስንቅነሽም፣ ወይዘሮ አልጋነሽ።»

ለጎዳናው ሰው እንደ ቦታ ተነግሮት አያውቅም። ርቀቱን ለካ። «ርቀት፣ ዜሮ። ሁለቱም ደርሰዋል። ማስጠንቀቂያው ተሰርዟል።»

ሐዲዱ እየተንቋቋ መዘርጋት ጀመረ። ዳቦ ቤቱ ወደ ቀድሞ ቦታው ተንሸራተተ። ትርሲት እፎይ ብላ መሣሪያዋን ስትሰበስብ ጎዳናው እንደገና ተናገረ።

«አንድ ያልገባኝ አለ። ገና ሲነሡ ደርሰው ከነበረ፣ ለምን ይሄዳሉ?»

ትርሲት ወደ መንገዱ ዞረች። ሴቶቹ በረዘመው መንገድ ላይ እያወሩ ይርቃሉ። ከዓይኗ እስኪሰወሩ አየቻቸው፤ ወሬያቸው ገና እየሞቀ ነበር።