የሳሙና ጉም

አቶ አወቀ ከገብስ ማሳቸው ዳር፣ አደይ አበባው መሃል ሞተው የተገኙት በሚካኤል ዕለት ነው። ከራስጌያቸው ጠላ ስለነበረ ሰው ሁሉ መርዛቸዋለች ብሎ ጣቱን በሚስታቸው በፋንቱ ላይ ቀሰረ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ፖሊስም ንፋስ መውጫ ከተማ ወስዶ አሰራት።

የደንበር ጎረቤታቸው ሞላ ግን ለቅሶው ላይ ቀና ማለት አቃተው። በፋንቱ እጅ ስንት ጊዜ በልቷል! አሁን እሷ ታስራ እሱ እህል አልወርድለት አለ።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ዓለምጸሐይ ስትመጣ መጀመሪያ የጠራችው ክንዱ የሚባለውን ሌላ ጎረቤት ነው፤ ከሟቹ ጋር በወሰን ሲካሰስ የኖረ ነውና። ሞላንም አብራ አስጠራችው።

«ገብስህ ላይ የተባይ መድኃኒት ረጭተሃል?»

«በዋዜማው ረጭቻለሁ። የልማት ሠራተኛዋ እንዳለችኝ ዘይት ጨምሬ።»

«አንተስ ሞላ? ረጭተሃል?»

«እኔ? በሚካኤል? ምን ቆርጦኝ!»

«በሚካኤል መቼ አልኩህ?»

ሞላ ሊሄድ ዞረ። እሷ ግን አልተጫነችውም፤ ሄዳ አበባው ላይ ጎንበስ አለች። የሞቱ ንቦች ለቅማ በመሐረብ ቋጠረች፤ የሁለቱንም መርጫ አስመጥታ አጠበች።

በማግሥቱ ሁሉንም ማሳው ላይ ሰበሰበች። ፋንቱን ፖሊስ ይዟት መጣ፤ የንስሐ አባታቸው አባ ዮሐንስም ነበሩ።

«ጠላውን የጠጡ ሌሎች ደኅና ናቸው» አለች ዓለምጸሐይ። «ንብ ደግሞ ጠላ አትጠጣም። መርዙ በአየር ነው የመጣው፤ አቶ አወቀም አስም ነበረባቸው። የሁለታችሁም ማሳ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ነው። ታዲያ ከማን መጣ?»

ንጹሕ ውኃ በሁለቱ መርጫ ሞላች። በክንዱ መርጫ ዘይት ጨምራ ስትረጭ ጠብታው ወፍሮ እግሯ ሥር ወደቀ። በሞላ መርጫ የልብስ ሳሙና ጨመረች፤ ውኃው እንደ ጉም ተነሣ፤ ነፋሱ አንሥቶ ወሰደና አደይ አበባው ላይ አሳረፈው።

«ቅጠል ላይ እንዲጣበቅ ብላችሁ ሳሙና ትጨምራላችሁ። ሳሙና ግን ጠብታውን ያደቀዋል፤ የደቀቀ ጠብታ ደግሞ በነፋስ ይሄዳል። ይህን መርጫ ሳጥበው አረፋ ወጣው። ሞላ፣ በሬ ካልጠመድኩ በዓል አልሻርኩም ብለህ፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲውል ረጨህ። አቶ አወቀ ግን ደረታቸውን አሟቸው ቀርተው ነበር።»

ሞላ አባ ዮሐንስ እግር ሥር ተደፋ። «አባቴ፣ የፈራሁት እርስዎን ነው! በዓል ሻረ እንዳልባል ነው የዋሸሁት! ሰው መኖሩን አላወቅሁም!»

ፋንቱ ከፖሊሱ አጠገብ ተነሥታ መጣችና ፊቱ ቆመች። አልጮኸችም።

«ሞላዬ፣ የአወቀ ሳል ከወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር። አንተ አልሰማኸውም?»

ሞላ ሊምል እጁን አነሣ፤ መልሶ ግን አወረደው።

«ሰማሁ» አለ። «እንዳያዩኝ ብዬ ገብሱ ውስጥ ተኛሁ። ሳሉ እስኪያቆም ጠበቅሁ።»