ሽብልቅ

ሽማግሌው በካቢኑ አልጋ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ብርድ ልብሱ እስከ አገጩ ተስቦ፣ ጠርዙ ተስተካክሎ ነበር። ላየው ሰው በሰላም የተኛ ይመስላል። የመርከቧ ነርስ «ልቡ ነው» አለች። ካፒቴኑም ልቡ ቢሆን በወደደ ነበር።

ነገር ግን ነርሷ አፉን ስትከፍት የታችኛው ከንፈሩ ከውስጥ በጥርስ ተነክሶ አየች። ያየችውን ውጣ ዝም ማለት አልሆነላትም። መርከቧ ታጥፋ በአቅራቢያዋ ካለው ትንሽ ወደብ ደጃፍ ቆመች። ከወደቡ ፖሊስ ጣቢያ አንዲት መርማሪ በጀልባ መጣች።

ቀጭን፣ አጭር፣ ሃምሳን የተሻገረች ሴት ናት። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ፊት ለፊቷም ይሏታል፤ አትቆጣም።

«ይህ የመርከባችን የመጀመሪያ ጉዞ ነው» አለ ካፒቴኑ ገና እግሯ ሳይረግጥ። «እንግዳ የሚመዝነን በመጀመሪያው ቀን ነው። ገዳዩን ይዘንልዎታል። ይዘውት ይውረዱ፣ እኛም መንገዳችንን እንቀጥል።»

«ማን ነው?»

«የካቢን አስተናጋጁ። ቁልፉ በእጁ ነው። ትናንት እራት ላይ ከሟቹ ጋር ተጣልቷል። ደግሞ ጎረቤታቸው የሆኑት ሴትዮ ሟቹ አንድ ወንድ ሲያስገቡ ሰምተዋል።»

«ሰምተዋል ወይስ አይተዋል?»

«ሰምተዋል።»

«እንግዲያው የያዛችሁት ቁልፉን ነው» አለች መርፌ። «ክፍሉን አሳየኝ።»

ካቢኑ ጠባብ ነው። አልጋ፣ ከግድግዳ ጋር የተበየደ ጠረጴዛ፣ መስታወት፣ ወደ ውሃው የሚያይ አንድ መስኮት። በወንበሩ ላይ ፎጣ በወፍ ቅርጽ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ማንም አልነካውም። ከሟቹ ራስ ጎን ሁለተኛ ትራስ አለ። መርፌ ገለበጠችው። በታችኛው ፊቱ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል የደም ጠብታ አለች። ትራሱን እንደነበረ መለሰችና የትራስ ልብሱ ክፍት አፍ ወደየት እንደዞረ አየች። ወደ በሩ ነበር።

ወደ መስኮቱ ሄደች። በመስታወቱና በክፈፉ መካከል ነጭ ቀለም ያላት ስንጥር ተሰክታለች፤ አንድ ጫፏ ቀጥኖ፣ ሌላው ወፍሮ፣ ሽብልቅ ሆና የተጠረበች። በጎኗ ሰማያዊ የፊደል ቁራጭ ይታያል። መርፌ ስትነቅላት መስኮቱ በሞተሩ ንዝረት ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ስትመልሳት ዝም አለ። እንደገና ነቅላ ይዛት ዞረች።

«ይህን ማን ሠራው?»

«ራሳቸው ይሆናሉ» አለ ካፒቴኑ። «አናጢ ነበሩ። ትልቅ የቤት ዕቃ መሥሪያ አላቸው።»

መርፌ እንግዳ ያልገባባቸውን ካቢኖች አስከፍታ አየች። በሁሉም አልጋ ላይ የትራሱ አፍ ወደ ግድግዳው ዞሯል። በየበሩ ጀርባ ባለው መንጠቆ ላይ ደግሞ ነጭ የእንጨት ሰሌዳ ተንጠልጥሏል። በሰማያዊ ቀለም «አትረብሹኝ» ይላል።

አስተናጋጁን የአንሶላ ማከማቻ ውስጥ ቆልፈውበታል። ስትገባ ከአንሶላው ክምር ላይ ብድግ አለ፤ የተቀመጠበትንም በእጁ አስተካከለ።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በሾርባ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ማንኪያው አመለጣቸውና ልብሳቸው ላይ ፈሰሰ። ሰው ስላየ አፈሩ መሰለኝ፣ ‹አንተ ነህ የገፋኸኝ፣ ደንቆሮ› አሉኝ። እኔም ሞኝ ነኝ፣ ‹አባባ፣ ይህን አንድ ቀን ያገኙታል› አልኳቸው። ከእግዜር ማለቴ ነበር።»

«እግዜር በአስተናጋጅ አይልክም። ካቢናቸውስ ገብተህ ነበር?»

«ከእራት በፊት። መስኮቱ ይንኳኳል ብለው ጠሩኝ። ጠዋት መካኒኩን አመጣለሁ ስላቸው ‹ተወው፣ አናጢ አለኝ› አሉ። ከዚያ ወዲያ አልገባሁም።»

«ትራሱን ለምንድን ነው አፉን ወደ ግድግዳ የምታዞረው?»

እንደ ቀልድ አያት። «እንግዳው በሩን ሲከፍት የትራስ ሆድ ዕቃ እንዳይታየው ነዋ። ሥራውን ያስለመደኝ ሰውዬ በኩርኩም ነው ያስለመደኝ። አሁን ቤቴም ሳላዞር አልተኛም፣ ሚስቴ ትስቅብኛለች።» ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «እመቤቴ፣ ይህን ሥራ ስንት ደጅ ጠንቼ ነው ያገኘሁት። ዛሬ በካቴና ከወረድኩ፣ ነገ ነፃ ብባል እንኳ ማን የሰው አልጋ ያስነጥፈኛል?»

መርፌ በሩን ሳትቆልፈው ወጣች።

ጎረቤቲቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሳይጠየቁ ጀመሩ።

«ካቢን ሲሉኝ ክፍል መስሎኝ ነበር፤ ቁም ሳጥን ኖሯል። ፎጣውን ወፍ አድርገውታል፤ ወፏን በትኜ ፊቴን ልጥረግባት? ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፣ የዚህ ግን አፍም አለው። የጎረቤቴ መስኮት ከተሳፈርን ጀምሮ ቀጭ ቀጭ ሲል አናቴን በሳው።»

«እትዬ፣ ትናንት ከእራት በኋላ የሰሙትን ይንገሩኝ።»

«በር ተንኳኳ። ሰውዬው ጮክ ብለው ‹ግባ› አሉ። ከዚያ ወሬ፣ ግን ዝቅ ያለ፣ አልለየሁትም። ትንሽ ቆይቶ መስኮቱ ዝም አለ። እሰይ ብዬ ተኛሁ።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ሰው ሲሞት እሰይ ብዬ ተኛሁ።»

«‹ግባ› ነው ወይስ ‹ግቢ›?»

«ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰዋስው ነው ያስተማርኩት። ‹ግባ› ነው።»

የሟቹ ቤተሰቦች በእንግዳ መቀበያው ተቀምጠዋል። ታናሽ ወንድሙ ጨርቅ ነጋዴ ነው፣ ሱሪው እንደ ቢላዋ ስለት የተተኮሰ። ሴት ልጁ አርባ የሚጠጋት፣ የአባቷን የቤት ዕቃ መሥሪያ የምትመራ ናት። ሦስተኛው ወንድ ልጁ ነው፤ ከሌላ ሴት እንደተወለደለት ሽማግሌው ያወቀው በቅርቡ ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር። ልብሱ አዲስ ስለሆነ አንገቱን ያሳክከዋል።

«ጉዞው ለእኔ ነበር» አለ ሾፌሩ። «እራት ላይ ተነስተው ‹ወንድ ልጄን አገኘሁ፣ መሥሪያውን የሚወርሰው እሱ ነው› አሉ። እኔ እኮ ሚስማር እንኳ መምታት አልችልም። ነግሬያቸዋለሁ። ‹ትማራለህ› አሉኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?» መርፌ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«አጨበጨብኩ።» እጆቿን ጭኗ ላይ አኑራለች። ሰፋፊ ናቸው፤ ጥፍሮቿ ሥር የቫርኒሽ ቀለም አለ። «ከትምህርት ቤት ጎትቶ ያስወጣኝ እሱ ነው። መጋዝ ያስያዘኝ እሱ ነው። ምን እላለሁ? አጨብጭቤ፣ ሥጋውን ቆራርጬለት፣ ወደ ክፍሌ ገብቼ ተኛሁ። ዳግመኛ አላየሁትም።» ድምጿ ተሰበረ።

አጎቷ ጉልበቷን መታ መታ አደረገ። «በቃ አንተ። ተው እንግዲህ። ይቺን ውሃ ጠጣ።»

«አይዞሽ» አለ ሾፌሩ፣ ቀስ ብሎ።

መርፌ ቀና ብላ አጎትየውን አየችው። የየካቢናቸውን ቁልፍ ተቀብላ ብቻዋን ወደ ኮሪደሩ ሄደች። የነጋዴውን በር ከፈተች፤ ሰሌዳው አለ። የሾፌሩን ከፈተች፤ አለ። የልጅቷን ከፈተች። ከበሩ ጀርባ ባዶ መንጠቆ አገኘች።

ሁሉንም በምግብ አዳራሹ ሰበሰበቻቸው። አስተናጋጁንም አስመጣችው፤ መቀመጥ ከብዶት ቆመ። ካፒቴኑ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«ሰውየው ታፍኖ ነው የሞተው» አለች መርፌ። «በትራስ። ትራሱ ቦታው ተመልሷል፣ ግን አፉ ወደ በሩ ዞሯል። ይህ አስተናጋጅ ቤቱም ሲተኛ አፉን ወደ ግድግዳ ነው የሚያዞረው። የለመደ እጅ ባለቤቱ ቢደነግጥም ራሱ ያውቃል። ስለዚህ ትራሱን የመለሰው ሌላ ሰው ነው።»

«ሆን ብሎ ያጣመመው ቢሆንስ?» አለ ካፒቴኑ።

«ሆን ብሎ የሚያጣምም ሰው፣ ይህን ልማድ የሚያውቅልኝ አለ ብሎ ያስባል። አንተ ራስህ ታውቅ ነበር?»

ካፒቴኑ ሰዓቱን ማየት ተወ።

መርፌ ስንጥሯን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት።

«ወደዚህች እንምጣ። እንግዳው ከገባ በኋላ መስኮቱ ዝም ብሏል። አናጢ ያልሆነ ሰው መስኮት ቢንኳኳበት ወረቀት አጥፎ ይወትፋል። ይህች ግን በሁለት ምት የተጠረበች ሽብልቅ ናት። ሟቹ ሠራት እንዳልል፣ ሾርባ ወደ አፉ ማድረስ ያቃተው እጅ ቢላዋ አይዝም። ‹አናጢ አለኝ› ብሎ ነበር። ነበረው።»

ነጋዴው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «እኔ ጨርቅ ነው የምሸጠው።»

«አውቃለሁ። እሱም መኪና ነው የሚነዳው።»

«ታዲያ የቀረችው ሴት ናት» አሉ መምህሯ። «እኔ ደግሞ ‹ግባ› ነው የሰማሁት። እምላለሁ።»

«አይማሉ እትዬ፣ ትክክል ሰምተዋል።» መርፌ ወደ ሾፌሩ ዞረች። «አባትህ እህትህን ምን ብሎ ነበር የሚጠራት?»

ሾፌሩ ጫማውን አየ። «‹አንተ› ነው የሚላት። ‹ና፣ ሂድ፣ አምጣ›። መጀመሪያ ሌላ ወንድም ያለኝ መስሎኝ ነበር።»

«አጎቷም እንደዚያው ነው። ዛሬ በፊቴ ‹ውሃ ጠጣ› አላት። ብዙ አባት ሴት ልጁን ሲያቆላምጥ እንዲህ ይላል፤ የዚህ ቤት ግን ማቆላመጥ አልነበረም። ሰሌዳዋ ከበሯ ጀርባ የለም። ከሰሌዳው የቀረው ይኸው፣ ግማሽ ፊደሉ አለበት።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ብርድ ልብሱንም አየሁ። እስከ አገጩ ስቦ ያለበሰው ሰው እንዳይበርደው ፈርቷል። እንዲህ የሚያደርግ ባዳ የለም።»

ነጋዴው ወደ ልጅቷ ዞረ። «አንተ፣ ምነው ዝም አልክ? አይደለሁም በላት እንጂ።»

ልጅቷ ስንጥሯን አንስታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻት። የቀጠነውን ጫፍ አየች፤ በሥራው ያፈረች አትመስልም።

«በካቢኑ ስልክ ደወለልኝ» አለች። «ያን ሁሉ በሰው ፊት ከተናገረ በኋላ። ‹መስኮቱ አላስተኛ አለኝ፣ ና› አለኝ። ሌላ እንጨት አጣሁና ሰሌዳውን ጠርቤ ሄድኩ። አንኳኳሁ። ‹ግባ› አለኝ። ሰካሁለት። ዝም ሲል ደስ አለው። እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁና አዘንኩለት። ሁለተኛውን ትራስ ላደርግለት አነሳሁ።»

ስንጥሯን መልሳ አኖረቻት።

«‹ነገ ይህን አጠራረብ ለወንድምህ አሳየው› አለኝ። እሺ አልኩ። ‹አንተ እንግዲህ ሴት ነህ፣ ታገባለህ› አለኝ። ትራሱ በእጄ ነበር።»

መምህሯ አንገታቸውን ደፉ። ዓረፍተ ነገሩን የሚያርም አልተገኘም።

«ተነሺ» አለች መርፌ። ልጅቷ ማን እንደተጠራ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀባት። ከዚያ ተነሳች። ሾፌሩ ሹራቡን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት፤ አላየችውም።

ጀልባዋ ሬሳውንና ልጅቷን ይዛ ከመርከቧ ስትርቅ ካፒቴኑ ወደ አስተናጋጁ መጣ። ይቅርታ የሚለው ቃል አፉ ድረስ መጥቶ የተመለሰ ይመስላል።

«ካቢኑን አጽዳው» አለው። «በሚቀጥለው ወደብ ሌላ እንግዳ ይሳፈርበታል። የመጀመሪያ ቀኑ ነው፤ ደስ ይበለው።»

አስተናጋጁ አንሶላውን ለወጠ፤ ፎጣውን እንደገና ወፍ አደረገው። የትራሶቹን አፍ ወደ ግድግዳው አዞረ። ሊወጣ ሲል ሞተሩ ከፍ አለና መስኮቱ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። መዳፉን መስታወቱ ላይ አሳርፎ ያዘው፤ ዝም አለ። ሲለቀው ቀጠለ።