ውሃ የበዛበት አበባ

ስቱዲዮው «ጎጆ» የተባለ የቪዲዮ ጨዋታ ይሠራል። በውስጡ ትንንሽ ሰዎች ይኖራሉ፤ ይበላሉ፣ ሥራ ይገባሉ፣ ይኳረፋሉ፣ ይፋቀራሉ፣ ትዳር ይይዛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ተወደው ሦስተኛው ሊወጣ አምስት ቀን ቀርቶታል።

የትንንሾቹን ሰዎች ባሕርይ የሚጽፈው ፕሮግራመሩ ነው። ቁጡውን፣ ወሬኛዋን፣ እንቅልፋሙን ሁሉ የፈጠራቸው እሱ ነው። እሱ ራሱ ግን ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ ይታሰራል።

ከፊት ለፊቱ፣ መስኮቱ ሥር፣ ለቃሚዋ ትቀመጣለች። ቀኑን ሙሉ እየተጫወተች የጨዋታውን ስህተት ስለምትለቅም የቢሮው ሰው ያወጣላት ስም ነው። የተቀጠረችው ለስድስት ወር ነው፤ ዓርብ ጨዋታው ሲያልቅ ውሏም ያልቃል። ፕሮግራመሩ ይህን ዓርብ ከማንም በላይ ይፈራዋል።

ሰኞ ጠዋት አንድ ስህተት መዝግባ ላከችለት።

ምን ተደረገ፦ የጨዋታውን ዓይን አፋር ጎረምሳ ጎረቤቱን ልጅ እንዲያናግራት አዘዝኩት።
ምን ሆነ፦ አጠገቧ ሄዶ ቆመ፤ ከዚያ ዞሮ አበባ አጠጣ። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርኩ፤ አሥራ አንድ ጊዜ አጠጣ። አበባው ሞቷል።
ምን መሆን ነበረበት፦ ማናገር።

«ስህተት አይደለም፤ ባሕርዩ ነው» ብሎ ጽፎ መለሰላት።

ከስክሪኗ በላይ ብቅ አለች። «ባሕርዩ ነው?»

«ዓይን አፋር ነው።»

«ዓይን አፋር ሰው አይቼ አውቃለሁ። አበባ አይገድልም።»

«ትንሽ ጊዜ ስጪው።»

«ሰጠሁት እኮ። ልጅቷ ሸበተች።»

በአጠገባቸው ሲያልፍ የነበረው አለቃቸው ቆም አለ። «ተጫዋቹ የሚፈልገው ፍቅር ነው፤ የአትክልት ቀብር አይደለም» አለ ለፕሮግራመሩ። «እስከ ሐሙስ አስተካክለው።»

የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ጎረምሳው የሚናገረው። ፕሮግራመሩ «ሰላም ነው?» ብሎ ጻፈና አጠፋው። «አየሩ ደስ ይላል» ብሎ ጻፈ፤ ጎረምሳው ያለው ቤት ውስጥ መሆኑ ትዝ ሲለው እሱንም አጠፋው። ማክሰኞም ረቡዕም እንዲሁ አለፉ።

ረቡዕ ከሥራ በኋላ ለቃሚዋ ጨዋታውን ቤቷ ይዛ ሄደች። እናቷ አጠገቧ ልብስ እያጣጠፈች ታያለች።

«ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው?»

«ስህተት ነው፣ እማ። ማናገር ሲገባው አበባ ያጠጣል።»

«ምን ስህተት አለው? ፈርቶ እንጂ። እጁን የሚያደርግበት ስላጣ ነው ውሃውን የያዘው።» እናቷ አንድ ካልሲ ይዛ አቻውን ስትፈልግ ቆየችና ቀና አለች። «ቆይ፣ ቢሮሽ ያለው አበባ ስንተኛው ነው የሞተው ያልሽኝ?»

«አራተኛው። መስኮቱ ጋ የነበረው። ውሃ በዝቶበት ሥሩ...»

ለቃሚዋ ጨዋታውን አቆመችው።

«ማነው የሚያጠጣው?»

ስድስት ወር ሙሉ የስንቱን ስህተት ስትለቅም፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ብርጭቆ ውሃ ይዞ አጠገቧ የሚቆመውን ሰው አንድም ቀን አልመዘገበችውም።

«ደህና ልጅ ነው?» አለች እናቷ።

«እማ!»

«አበባ ገዳይ መሆኑንማ አወቅኩ። ሌላውን ነው የምጠይቅሽ።»

ሐሙስ ጠዋት ፕሮግራመሩ አዲስ መዝገብ ደረሰው።

ምን ተደረገ፦ መስኮቱ ሥር ስድስት ወር ተቀመጥኩ።
ምን ሆነ፦ አንድ ሰው በየቀኑ ውሃ ይዞ ይመጣል፤ ይቆማል፤ አበባውን አጠጥቶ ይመለሳል። አራት አበባ ሞቷል።
ምን መሆን ነበረበት፦

ከዚያ በኋላ ባዶ ነው።

ጆሮው ድረስ ጋለ። ይባስ ብሎ፣ ለቃሚዋ የረሳችው ነገር ነበር፤ የሚመዘገብ ስህተት ሁሉ ለአለቃቸውም ይደርሳል። አለቃው ከክፍሉ አንገቱን ብቻ አወጣ።

«ይሄኛውስ ባሕርይ ነው?» ብሎ በሩን ዘጋ።

ፕሮግራመሩ ተነሣ። እግሩ ለምዶበት መጀመሪያ ብርጭቆውን ሞላ። ሄዶ አጠገቧ ቆመ። እሷ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ እጇን ዘርግታ በሞተው ምትክ የመጣውን የአምስተኛውን አበባ ማሰሮ አፍ በመዳፏ ከደነችው።

ውሃውን የሚያፈስበት ቦታ አጣ። አየችው፤ አያት። በመጨረሻ ብርጭቆውን አንሥቶ ጭልጥ አድርጎ ጠጣው።

«ዓርብ እንድትሄጂ አልፈልግም» አለ። «ማለቴ፣ መሄድሽን ትሄጃለሽ። እኔ ግን ከዓርብ በኋላም ላይሽ እፈልጋለሁ።»

መዳፏን ከማሰሮው አላነሣችም። «ቅዳሜ ይመችሃል?»

«ይመቸኛል።»

«ይሄን ለጎረምሳውም ጻፍለት። ውሃውን መጠጣቱንም እንዳትረሳ።»

ጻፈለት። ዓርብ ጨዋታው አለቀ፤ ለቃሚዋም አምስተኛውን አበባ ታቅፋ ከቢሮው ወጣች። ዛሬ አበባው በእናቷ ቤት መስኮት ላይ አድጎ መጋረጃውን ይነካል። እናቷ በሳምንት አንዴ ታጠጣዋለች፤ የወደፊት አማቿ ብርጭቆ ይዞ ወደዚያ ጠጋ ካለ ግን «አንተ ልጅ፣ እዚያው ሆነህ ጠጣ» ትለዋለች።

ጨዋታው በወጣ በሳምንቱ የመጀመሪያው የተጫዋች አቤቱታ ደረሰ፤ «ጎረምሳው ልጅቷን ከማናገሩ በፊት የአበባውን ውሃ ይጠጣል። ስህተት ነው?»

ፕሮግራመሩ ስልክ ደውሎ አነበበላት። መልሱን እሷ ነገረችው፤ እሱ ጻፈው።

«ስህተት አይደለም፤ ባሕርዩ ነው።»