ለቀጥቃጩ ያልተነፋው ጥሩንባ

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ፣ እሳቱን አትቆስቁስ፤ ይህ ወሬ ጨለማ ይወዳል። የፈራ ካለ አሁኑኑ ይሂድ፤ ብቻውን ግን እንዳይሄድ!

ዱሮ ነው፣ በአያቶቻችን ጊዜ። አያ ይርዳው የሚባል ጥሩንባ ነፊ ነበረ። ሰው ሲሞት ዶሮ ሳይጮህ ይነሳል፤ ጥሩንባውን ነፍቶ የሟቹን ስም ከነአባቱ ይጠራል። ያኔ አገሩ ወጥቶ ይቀብራል። እሱ ያልጠራው ሰው አይለቀስለትም። ልብ በሉልኝ፣ አይለቀስለትም!

አንድ ሌሊት የአንዲት አሮጊት መርዶ ወንዝ ማዶ ላሉ ዘመዶቿ ሊነግር ብቻውን ወጣ። ጨረቃ የለች፣ ውሻ አይጮህ፣ መንገዱ ጭር ብሏል። ከመንደሩ ዳር ያለው ሾላ ጋ ሲደርስ እግሩ አልሄድ አለው። ለምን? ለምን በሉኝ እንጂ!

ከሃያ ዓመት በፊት አንዲት ሕፃን ታመመች። "ቡዳው በላት፣ ቀጥቃጩ በላት" ተባለ። ቀጥቃጩ አንለይ ማረሻቸውን ይሠራላቸዋል፤ ከገበታቸው ግን አይቀርብም፤ ዘሩ ቀጥቃጭ ነዋ! አያ ይርዳው ጥሩንባውን ነፋ፣ አገሩ ተሰበሰበ፣ አንለይን ከወናፉ ሥር ጎትተው ሾላው ላይ ሰቀሉት። ዳኛ የለ፣ ምስክር የለ። "አትግደል" ሲባል በየሰንበቱ የሚሰሙ ሰዎች፣ እናንተዬ! ሕፃኗ በሦስተኛው ቀን ድና ቂጣ ጠየቀች። ለአንለይ ግን ጥሩንባ አልተነፋም። ሚስቱ ይታይሽ ደጇን ዘግታ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነው ያለቀሰች።

እና አያ ይርዳው ሾላው ሥር ቆመ። መጀመሪያ የከሰል ጢስ ሸተተው። ቀጥሎ ወናፍ ሰማ፤ እፍ... እፍ... ቀጥሎ ከኋላው የባዶ እግር ኮቴ። እንደምንም ሲራመድ ይራመዳል፤ ሲቆም ይቆማል።

"ማነህ?" አለ።

"ጥሩንባህ ስትሰበር የጠገንኩልህ ነኝ።"

ወይ ጉድ! አያ ይርዳው ተማጸነው። "ምን ላድርግልህ? ተዝካር ላውጣልህ?"

"ሊገድሉኝ እንዲሰበሰቡ ነፋህ። ስሞት ዝም አልክ። አሁን ንፋልኝ።"

ቢነፋ አገሩ ምን ይለዋል? ገዳዮቹ ጎረቤቶቹ፣ አበልጆቹ ናቸው። "ነፍሰ ገዳይ አልከን" ብለው እሱንም እዚያው ሾላ ላይ ቢሰቅሉትስ? ባይነፋስ? ቀዝቃዛ እጅ ትከሻው ላይ ዐረፈ።

ጥሩንባውን አንስቶ ነፋ። "አንለይ አድማሴ ሞቷል!"

"እንደሱ አይደለም" አለው ጆሮው ሥር። "እንዴት እንደሞትኩ ተናገር።"

አያ ይርዳው አለቀሰ። ሃያ ዓመት አፍኖት ኖሯል። ከዚያ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። "አንለይ አድማሴ ተገደለ! የገደልነው እኛ ነን! የጠራኋችሁ እኔ ነኝ!"

በየቤቱ ኩራዝ በራ። ማንም ግን አልወጣም። አንድ በር ብቻ ሲጥ ብሎ ተከፈተ። ይታይሽ ናት። አርጅታለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በዚያ ጨለማ ብቻዋን ሾላው ድረስ መጣች። የባሏን ስም እየጠራች፣ በሙሉ ድምጿ፣ እስኪነጋ አለቀሰች። እጁም የአያ ይርዳውን ትከሻ ለቀቀ።

ኮቴው ግን አልሄደም። በሾላው በኩል ብቻውን ያለፈ ሁሉ ይሰማዋል። "ማነህ?" ሲሉት፣ "ያንተ አያት ያን ቀን የት ነበር?" ይላል።

እኔን ጠይቆኛል። "ገመዱን ይዞ ነበር" አልኩት።

በሉ እንግዲህ መሽቷል፣ ተነሱ። በሾላው የምታልፉ ሁለት ሁለት ሁኑ። መልሳችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።