«መጣሁ» ያለው ማን ነው?

መምህር አለሙ፣ ቡታጅራ ውስጥ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ባስተማሩበት ትምህርት ቤት፣ ዓርብ ከቀትር በኋላ አናታቸውን ተመትተው ከቢሯቸው ወለል ላይ ሞተው ተገኙ። ዘበኛው ባዩ ወዲያው ታሰረ።

«ኢንስፔክተር፣ እናቴ ቡኢ ታማ ተኝታለች። ‹መጣሁ› ብያት ነው የያዛችሁኝ!» እያለ ሦስት ቀን ለመነ።

ኢንስፔክተር ሳሌሃ ልመናውን እንደ ብልጠት ቆጠረችው። አሥር ሰዓት ላይ ከሟቹ ስልክ ለርእሰ መምህርቷ ለውድነሽ መልእክት ደርሷል፤ በዚያ ሰዓት መምህራኑ ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ከአዳራሹ ውጭ በግቢው የቀረው ባዩ ብቻ ነበር። ሳሌሃ ሰዓቱን መዘገበች እንጂ ቃሉን አላነበበችም። ሰኞ ጠዋት አነበበችው፤ በእንግሊዝኛ ነበር፦ «አይ ኬም»።

«ምን ብለው ተረዱት?» ስትል ርእሰ መምህርቷን ጠየቀቻት።

«መጣሁ ማለታቸው ነው ብዬ ወንበር ያዝኩላቸው» አለች ውድነሽ። «ሲቀሩ መምህር ኢዮብ ‹ልጥራቸው› ብሎ ወጣ። ከዚያ ጩኸቱን ሰማን።»

ሳሌሃ የሟቹን መሳቢያ ፈትሻ መምህራኑን ሁሉ እዚያው ቢሮ ውስጥ ሰበሰበች፤ ባዩንም በካቴና አስመጣችው።

«በአማርኛ ገና ከቤቱ ያልወጣ ሰው ‹መጣሁ› ይላል። ቅርብ ነኝ፣ ቸኩያለሁ ሲል ገና ያልሆነውን በኃላፊ ጊዜ ግስ ይናገራል። በእንግሊዝኛ ግን ‹አይ ኬም› ያለ ሰው ደርሷል። መንገደኛው ‹አይ አም ካሚንግ› ነው የሚለው።»

«የቸኮለ ሰው አይሳሳትም?» አለ ኢዮብ ፈገግ ብሎ።

«እሳቸው?» አለች ውድነሽ። «ለቅሶ ቤት ሰዋስው የሚያርሙት ሰውዬ?»

ሳሌሃ ከመሳቢያው ያገኘችውን የኢዮብን የትምህርት ዕቅድ ገለጠች። «መጣሁ» ከሚለው ቃል ፊት «አይ ኬም» ተጽፏል፤ ከሥሩም በሟቹ የእጅ ጽሕፈት በቀይ፦ «ኢዮብ፣ ሦስተኛ ጊዜህ ነው። ዲፕሎማህን ከየት አመጣኸው? ሰኞ ወልቂጤ፣ ተማርኩበት ያልከው ኮሌጅ ሄጄ አጣራለሁ።»

«ሰኞን እንዳያዩ ከስብሰባው በፊት ገደልካቸው። በሕይወት ያሉ እንዲመስል ስብሰባው ላይ ከጠረጴዛ ሥር በስልካቸው ጻፍክ። ስልኩ ግን ከሬሳው አጠገብ ተመልሶ ተገኘ፤ ከአዳራሹ ወጥቶ ብቻውን ወደ ሬሳው የሄደ ደግሞ ካንተ በቀር የለም።»

ኢዮብ አንገቱን ደፋ። «ከተማሪነቴ ጀምሮ አረመኝ» አለ። «አንድ ቀን እንኳ ‹ጎበዝ› አላለኝም።»

«የመጨረሻውን ስህተትህን ግን አላረሙልህም» አለችው፤ ወደ ባዩም ዞራ አንድ እጁን ፈታች፤ የራሱን ስልክም መለሰችለት። ሁለተኛውን እጁን እስክትፈታ አልታገሠም፤ ወደ ቡኢ ደወለ።

«መጣሁ!» አለ።

እናቱን ሲያስታምም የነበረው የወንድሙ ድምፅ ከለቅሶ መሃል ለሳሌሃም ተሰማት።

«ለማን?»