ከተዘጋ በር ጀርባ የመጣው መልስ

አቶ ተሰማ በጥበቃ ቤታቸው ወለል ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ሞተው ተገኙ። የተመቱት ከኋላ፣ ማጅራታቸው ላይ ነበር። የበሩ መቀርቀሪያ ብረት አጠገባቸው ወድቋል። ከፊታቸው የነበረው የእራት ሳህን ግን ንክች አላለም።

ጊዜው የ2002 ዓ.ም. ክረምት፣ ቦታው ቃሊቲ የሚገኝ የጨርቅ መጋዘን ነው። ኢንስፔክተር እየሩሳሌም ሳህኑን ትኩር ብላ አየችው። ሰውየው በሩ ሲከፈት እንኳ ዞር አላሉም።

በዚያ ምሽት ከሟቹ ሌላ ግቢው ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። የመጋዘኑ ኃላፊ ፀሐዩ ከመሸ በኋላ ወጥቷል፤ ጫኝና አውራጁ ኦልጅራ እዚያው አድሯል። ፖሊስ ኦልጅራን ይዞታል።

«ከሽማግሌው ጋር ተጣልተህ ነበር?» አለችው።

«ባለፈው ሳምንት በዝናብ በር ስደበድብ አልከፍት አሉኝ። ተናድጄ ሰደብኳቸው። እጄን ግን አላነሳሁባቸውም።»

ፀሐዩ በተራው ረጋ ብሎ መለሰ። «መብራት ጠፍቶ ነበር። ስወጣ በራቸው ዝግ ነው። ከውጭ ሆኜ ‹ደህና እደሩ› አልኳቸው፤ ‹ደህና እደር ልጄ› አሉኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ኦልጅራን ጠይቁት።»

በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ድንቅነሽ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«ብቸኛ። ዘመድ የላቸውም። ከታመሙ ወዲህ ጭራሽ ከሰው ራቁ። ሬዲዮናቸውን እንኳ ለእኔ ሰጡኝ። ሰው ሲያናግራቸው ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቃሉ፣ በቃ።»

«በቅርቡ የተለየ ነገር አላየሽም?»

«ባለፈው አቶ ፀሐዩ ጀርባውን ሰጥቶ በስልክ ሲያወራ ቆየና ዞር ሲል ጋሽ ተሰማን ከኋላው ቁጭ ብለው አያቸው። የሆነ ነገር ጠየቃቸው፤ ነቀነቁለት። ፊቱ አመድ መሰለ።»

እየሩሳሌም ከአልጋው ሥር ባገኘችው የሕክምና ካርድ ተመርታ ወደ ዶክተር ነዒማ ሄደች።

«መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነበረባቸው» አለች ዶክተሯ። «ወራት በፈጀ መርፌ ዳኑ። ጆሯቸው ግን ሄደ።»

«መርፌ ጆሮን?»

«በውስጠኛው ጆሮ ጫፋቸው ፀጉር የሚመስል ሕዋሳት አሉ። ድምፅ ጫፉን ሲያዘነብለው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፈቱና ፖታሲየም ይገባል። ያን ጊዜ ሕዋሱ ከግርጌው ኬሚካል ይለቃል፤ ነርቩም መልእክቱን ተቀብሎ ለአንጎል ያደርሳል። መድኃኒቱም በዚያው ቀዳዳ ይገባል። ገብቶ ይጠራቀምና ሕዋሱን ይገድለዋል። የሞተው ደግሞ አይተካም።»

«ምን ያህል ይሰሙ ነበር?»

«የመኪና ጥሩምባ እንኳ አይሰሙም። የሰው አፍ እያዩ ጥቂት ጥቂት ይረዱ ነበር፤ ያልገባቸውን ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፉታል። ‹ጥበቃ ነኝ፤ ለማንም አትንገሪብኝ› ብለው ለመኑኝ።»

በማግስቱ ሦስቱን በጥበቃ ቤቱ በር ላይ ሰበሰበቻቸው።

«አቶ ተሰማ መስማት የተሳናቸው ነበሩ» አለች። ድንቅነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ለኦልጅራ በር ያልከፈቱት ለዚያ ነው። ገዳያቸው ሲገባ ዞር ያላሉትም ለዚያ ነው። እርስዎ ግን፣ አቶ ፀሐዩ፣ በዝግ በር፣ በጨለማ ‹ደህና እደር ልጄ› ተባልኩ ብለዋል።»

ፀሐዩ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ።

«እንዲህ ያለ ውሸት የሚጠቅመው ሰውየው ቀድሞ እንደሞተ ለሚያውቅ ነው። ያን ዕለት በስልክ ያነጋገሩትን ሰውም አግኝተነዋል። ከዚህ የሚሰረቀውን ጨርቅ የሚገዛው እሱ መሆኑን አምኗል።»

«ሰምተዋል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው» አለ ፀሐዩ ድምፁ ሰልሎ። «ነቀነቁ።»

«ጥያቄዎንም አልሰሙም።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሄዱ። ኦልጅራ እጁ ከካቴና ቢፈታም ከተቀመጠበት የበሩ ደፍ አልተነሳም።

«የሰደብኳቸውን አልሰሙም ማለት ነው?»

«አልሰሙም።»

«በማግስቱ ይቅርታ ጠይቄያቸው ነበር። ፊታቸውን ማየት አፍሬ፣ ከኋላቸው ሆኜ።»

እየሩሳሌም አጠገቡ ደፉ ላይ ተቀመጠች።