የሌለችው ቀን

የፋንታ አስከሬን ቢቸና ከሚገኘው ቤቱ ከገባ አንድ ቀን ሆኖታል፤ ግን አልተቀበረም። የተገኘው መስከረም አራት ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ከየጁቤ በታች ወደ ዓባይ በረሃ ከሚያዘቀዝቀው ገደል ሥር ነበር። «ራሱን ወርውሮ ነው» የሚለው ወሬ ከሬሳው ቀድሞ ደረሰ። ወሬው እውነት ከሆነ ፍትሐት የለውም። ስለዚህ ቄስ ገብረ ክርስቶስ የፖሊስን ቃል ይጠብቃሉ።

መቶ አለቃ ዳምጤ ከሞጣ ተልኮ በማግሥቱ ጠዋት ደረሰ። በልጅነቱ ዲያቆን የነበረ፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነው። የሟቹ አንገት ላይ የርቀት መነጽር ተንጠልጥሏል። በጨበጠው እጁ ደግሞ ትንሽ ደብተር ይዟል፤ በየቀኑ የታዩት አዕዋፍና ከአፈሩ የወጡት ትሎች ቁጥር የሰፈረበት። ዳምጤ የመጨረሻውን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበና ኪሱ ከተተው።

ፋንታ አዕዋፍና የአፈር ትል ይቆጥርበት የነበረው የጥናት ጣቢያ ኃላፊ አቶ ወልደ ሰንበት ፀጉራቸው የሸበተ፣ ፋንታን ሥራ ያስተማሩና ሲያገባም ሽማግሌ የሆኑለት ሰው ናቸው።

«ምን ልበልህ ልጄ!» አሉ። «በዓመቱ ሪፖርት ላይ ያልቆጠረውን አስገባ። ለአብዮቱ በዓል በአደባባይ በስሙ ተነበበ፤ ተጨበጨበለት። ከዚያ ኅሊናው አላስቀምጥ አለው።»

«ትናንት ጠዋት አብረውት ነበሩ?»

«የጁቤ አብረን ነው ያደርነው። ጠዋት ግን እኔ ከድንኳኑ አልወጣሁም፤ አፈር ስነፋ ነበር። ወደ ገደሉ ብቻውን ነው የሄደው።»

ሪፖርቱን በታይፕ የመታችው አሰጋሽ ናት።

«የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ መቺ ነኝ ጌታዬ፣ ጸሐፊስ ሌላ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ረቂቁ መጣልኝ፤ ሁሉም በግዕዝ ቁጥር! ወደ ፈረንጅ ቁጥር ስገለብጥ ዓይኔ ሊጠፋ!» ሳቀች፤ ወዲያው የለቅሶ ቀን መሆኑ ትዝ ብሏት አፏን ያዘች።

«ሠንጠረዡ ላይ ጳጉሜ ስድስት የሚል አለ።»

አሰጋሽ አቀረቀረች። «አይቻለሁ። ያዘዙኝን ነው የምመታው ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ዝምታዬ ያሳፍረኛል።»

የሟቹ ሚስት ባንቺዓለም መምህርት ናት። ጥያቄዎቹን እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ መለሰች።

«ባለቤትሽ ቢቸና መቼ መጣ?»

«አምና ታኅሣሥ፣ ሲመደብ።»

«ወፍ የሚቆጥረው ብቻውን ነው?»

«ብቻ አይሆንም። አንዱ ዓይኑን ከመነጽሩ ሳይነቅል ይጠራል፣ ሌላው ይጽፋል። ክረምቱን እኔ ነበርኩ የምጽፍለት።»

ከሰዓት በኋላ ዳምጤ ሁሉንም በሟቹ ቤት ሰበሰበ።

«ሪፖርቱ ጳጉሜ ስድስት ቀን አሥራ አራት ጥንብ አንሳ ታየ ይላል» ሲል ጀመረ። «አምና ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ ጳጉሜ በአምስት አለቀች። ስድስት የሆነችው ካቻምና፣ በዘመነ ሉቃስ ነው። ረቂቁም የተጻፈው ጳጉሜ ሳትገባ፣ በነሐሴ ነው። እንግዲህ ከካቻምናው መዝገብ የተገለበጠ ነው። ካቻምና ደግሞ ፋንታ ቢቸናን አያውቃትም።»

ደብተሩን ገለጠ። «የእሱ ቁጥር ይኸው። ጳጉሜ አምስት፦ ጥንብ አንሳ ሁለት፤ የአፈር ትል ምንም። እውነቱን በእጁ የጨበጠ ሰው ባልጻፈው ውሸት አፍሮ ራሱን አይወረውርም።»

ዳምጤ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ።

«የመጨረሻው ቀን፣ መስከረም አራት። ጥንብ አንሳ ፫፣ ጭልፊት ፩። ፋንታም ሚስቱም በዚህ ሁሉ ገጽ አንድም የግዕዝ ቁጥር አልጻፉም። ትናንት ጠዋት እሱ ሲጠራ የጻፈለት ሰው አጠገቡ ነበር።»

አሰጋሽ ቀና ብላ ኃላፊዋን አየች። ቄሱም አዩአቸው።

«ወልደ ሰንበት፣ ባሕረ ሐሳብን አብረን ተምረን! ዘመን መቁጠር አንተን ይጠፋሃል?» አሉ ቄሱ።

«እጄ ገለበጠ፤ ዓይኔ አላየም» አሉ አቶ ወልደ ሰንበት። «ለተምቹ መርዝ ይረጭ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አራት ዓመት ረጨን። ትሉ አለቀ፣ ወፉም አለቀ፤ መሬቱን ገደልኩት። እሱ እውነቱን ለአዲስ አበባ እጽፋለሁ አለኝ። ደብተሩን ያዝኩ፤ ሳበብኝ። ለቀቅኩት። እንዲወድቅ ብዬ አልነበረም።»

«ራሱን ገደለ ያሉት ግን ሆን ብለው ነው» አለ ዳምጤ።

ሽማግሌው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። «ባንቺዬ፣ ልጄ…»

ባንቺዓለም አልዞረችም። «አምኜዎት ነበር» አለች በዝግታ። «ከትናንት ጀምሮ አጠገቡ ተቀምጬ እንዴት እንዲህ ታሳፍረኛለህ ስለው ነበር። እሱ መልስ መስጠት አይችል።»

ቄስ ገብረ ክርስቶስ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። «የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

ባንቺዓለም ተነሥታ ቆመችና፣ ደጅ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ ጮክ ብላ ስሙን ጠራችው።